የፔሌት ምድጃ እየነደደ ድንገት ሲጠፋ

ውጭው በረዶ ሆኖ፣ የፔሌት ምድጃው ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ዝም ሲል፣ የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማስነሻው ቁልፍ ነው። ይጫነዋል፤ ይነሣል፤ መልሶ ይጠፋል። ሁለት ሦስቴ ከተደጋገመ በኋላ ወይ ቴክኒሻን ይጠራል፣ ወይ በግምት ዕቃ ይገዛል። ከሁለቱም በፊት ግን ሰዓት ይያዙ። ምድጃው ከተነሣ በስንተኛው ደቂቃ ጠፋ? ሊጠፋ ሲል ነበልባሉ ምን ይመስል ነበር? የፔሌት ምድጃ መብራት ካልተቋረጠበት በቀር እንዲያው አይጠፋም፤ በውስጡ ካሉት የጥበቃ ስዊቾች አንዱ ሲያስቆመው ነው የሚቆመው። የትኛው እንዳስቆመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓቱና ከነበልባሉ ይታወቃል።

ይህን የምጽፈው በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በዋሽንግተን ግዛት ወይም በአውሮፓ ቤት ገዝተው አለዚያም ተከራይተው፣ ምድጃውን ከቤቱ ጋር ለተረከቡ ሰዎች ነው። የቀድሞው ባለቤት ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል፤ አመዱ የት የት እንደሚጠራቀም ግን የሚነግር የለም። ለጥገና ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው የሚባክነው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ምድጃው በተደጋጋሚ ሲጠፋ ምክንያቱ በአብዛኛው የተቃጠለ ዕቃ ሳይሆን አመድና አየር ነውና።

ምድጃው የሚሠራው እንዲህ ነው

ፔሌት ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚተርፈው ሰጋቱራ በከባድ ግፊት ተጨምቆ የሚሠራ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አጭር ማገዶ ነው። በአሜሪካ በ40 ፓውንድ ከረጢት ይሸጣል፤ 50 ከረጢት በአሜሪካ አቆጣጠር አንድ ቶን ይሆናል። ምድጃውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለመኖሪያ ቤት እንዲሆን አድርጎ የሠራው የዋሽንግተን ግዛቱ ጄሪ ዊትፊልድ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። የምድጃውን ውስጥ ላየ ሰው ይህ አይገርምም፤ ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው በአየር ፍሰት ላይ ነው።

ፔሌቱ ሆፐር በሚባለው ሣጥን ውስጥ ይፈስሳል። ከሆፐሩ ሥር ኦገር የተባለ ጠመዝማዛ ብረት በትንሽ ሞተር ቀስ እያለ እየዞረ ፔሌቱን በልክ በልክ ወደ እሳቱ ይጥላል። እሳቱ የሚነደው በርን ፖት በሚባል፣ ታቹና ጎኑ እንደ ወንፊት በተበሳሳ የብረት ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ፔሌቱን የሚለኩሰው በኤሌክትሪክ የሚግል ኢግናይተር ነው።

ፋኖቹ ሁለት ናቸው፤ እነሱን አለመለየት ብዙ ሰው ያሳስታል። አንደኛው የጭስ ማውጫው ፋን ነው፤ ጭሱን ወደ ውጭ ሲያስወጣ በዚያው ንጹሕ አየር በበርን ፖቱ ቀዳዳዎች በኩል ይስባል። ሁለተኛው የክፍሉ ፋን ነው፤ ሙቀቱን ወደ ሳሎኑ ይነፋል። የመጀመሪያው ሲደክም እሳቱ ይታፈናል። ሁለተኛው ሲደክም የምድጃው አካል ከልክ በላይ ይግላል።

ጠባቂዎቹ ደግሞ በዋናነት ሦስት ናቸው። ቫኪዩም ስዊቹ ጭሱ በትክክል እየተሳበ መሆኑን ይከታተላል። በጭስ ማውጫው ፋን አካባቢ የተለጠፈችው ክብ ስናፕ ዲስክ እሳቱ በእርግጥ መያዙን በሙቀቱ ታረጋግጣለች፤ በብዙ ምድጃዎች ላይ ከ110 እስከ 140 ዲግሪ ፋራናይት ባለው መካከል መስመሩን ታገናኛለች፤ ይህም ከ43 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ሦስተኛዋ ምድጃው ከመጠን በላይ ሲግል የምታቆመው ናት። አዳዲሶቹ፣ በተለይም ጣሊያን ሠራሽ የሆኑት፣ በስናፕ ዲስክ ፈንታ የጭሱን ሙቀት በሴንሰር ይለኩና የአላርም ኮድ በስክሪናቸው ላይ ያወጣሉ። ኮድ ካለ ማንዋሉን ሳይከፍቱ ሌላ ነገር አይጀምሩ።

እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት

ምድጃውን በቁልፉ ያጥፉት፤ ፋኑ ጭሱን አስወጥቶ እስኪቆም ይጠብቁ፤ ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ። እሳት ካለ ሶኬት አይነቀልም፤ ፋኑ ስለሚቆም ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። በሚገባ እስኪቀዘቅዝም ይተዉት።

አመድ ውስጥ ያለ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አመዱ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ከቤትና ከበረንዳ ርቆ ይቀመጣል፤ ፕላስቲክ ወይም ካርቶን ውስጥ በጭራሽ አይገባም። የተለመደው የቤት ቫኪዩም ክሊነርም ለዚህ ሥራ አይሆንም። የአመዱ ብናኝ በማጣሪያው አልፎ ቤቱን ይሞላል፤ ፍም ከገባበት ደግሞ ቃጠሎ ያስነሣል። ለአመድ ተብሎ የተሠራውን ይግዙ ወይም ይዋሱ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በቤቱ ከሌለ ጥገናው ይቆይና መጀመሪያ እሱ ይሰቀል። ጋዙ ሽታ የለውም። ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112 ይደውሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ ለቡና ተብሎ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ማያያዝ ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ማስጠንቀቂያው በጮኸ ቁጥር በምድጃው ማሳበብ፣ ወይም "የዕጣኑ ጭስ ነው" ብሎ ባትሪውን ማውጣት ሕይወት ያስከፍላል።

ሰዓቱ የሚናገረው

በተነሣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ፔሌት ሳይጥል ከቆመ፣ ነገሩ ከቫኪዩም ስዊቹ ወይም ከክዳን ነው። የምድጃው በር፣ የአመድ መያዣው መሳቢያና የሆፐሩ ክዳን ጠበቅ ብለው መዘጋታቸውን ይዩ። ክዳኑ ላይ አንዲት ፔሌት ተሰንቅራ ምድጃውን ልታስቆመው ትችላለች።

ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከጠፋ ሁለት ነገሮችን ይለዩ። ፔሌት ወርዶ ጨርሶ ካልነደደ ጥርጣሬው ወደ ኢግናይተሩ ወይም በአመድ ወደ ተደፈነው የአየር ቀዳዳው ይሂድ። እሳቱ ደማቅ ሆኖ እየነደደ ሳለ ከጠፋ ግን ምድጃው እሳት መኖሩን አላወቀም ማለት ነው፤ ያቺ ሙቀት የምታረጋግጠው ስናፕ ዲስክ አመድ ለብሳለች ወይም አርጅታለች። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው ኢግናይተር ቀይሮ ችግሩ እንዳለ ይቀራል።

ከአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጥሩ ሠርቶ ከጠፋ በርን ፖቱን ከፍተው ይዩ። ባዶ ሆኖ ሆፐሩ ውስጥ ፔሌት ካለ፣ የተቋረጠው ማገዶው ነው። በአመድና ባልተቃጠለ ፔሌት ከተሞላ እሳቱ አየር አጥሮት ታፍኗል። በርን ፖቱ ደህና ሆኖ የምድጃው አካል ከወትሮው በላይ ከጋለ፣ ወደ ክፍሉ የሚነፋውም አየር ደካማ ከነበረ፣ የክፍሉን ፋን ይጠርጥሩ።

ጊዜው ካልተወሰነ፣ ዛሬ በአሥር ደቂቃ ነገ በአምስት ሰዓት ከሆነ፣ ነፋስ፣ የላላ ሽቦ ወይም የመብራት መዋዠቅ ሊሆን ይችላል። ወደ ነፋሱና ወደ መብራቱ እመለሳለሁ።

ነበልባሉም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። ጤነኛው አጠር ያለ፣ ደማቅ ቢጫ፣ ፈጣንና የሚንቀሳቀስ ነው፤ ጥቃቅን ፍንጣሪ ወደ ላይ ይወረውራል። አየር ያጣው ረዥምና ሰነፍ ይሆናል፤ ቀለሙ ወደ ጥቁር ብርቱካንማ ይሄዳል፤ ጫፉ ያጨሳል፤ መስተዋቱንም በአንድ ምሽት ያጠቁረዋል። ቡናማ ወይም ግራጫ ብናኝ በመስተዋት ላይ የተለመደ ነገር ነው፤ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ግን ጽዳት እንደሚያስፈልግ ይናገራል።

ጽዳቱ፣ ከላይ እስከ ታች

ሰዓቱ ያመለከተው የትኛውንም ይሁን፣ መጀመሪያ ሙሉ ጽዳት ይደረግ። በግማሽ ያልጸዳ ምድጃ ላይ የሚደረግ ምርመራ ያደናግራል።

በርን ፖቱን ያውጡ። ታቹ ላይ ጠጣር፣ የሚያብለጨልጭና መስታወት የመሰለ ግግር ካገኙ ክሊንከር ይባላል፤ በፔሌቱ ውስጥ ያለ አሸዋና ማዕድን ቀልጦ የጠጠረ ነው። በካቻቪቴ ጠርገው ያንሡት። ከዚያ እያንዳንዷን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ወይም በመሰርሰሪያ ጫፍ በእጅ ይክፈቱ፤ ወደ መብራት ከፍ አድርገው በሁሉም ብርሃን ማለፉን ይዩ። ኢግናይተሩ ያለበት ቀዳዳ በተለይ ክፍት መሆን አለበት። በርን ፖቱ የሚቀመጥበትን ቦታም ይጥረጉ። ሥሩ አመድ ካለ ሲመልሱት በትክክል አይገጥምም፤ አየሩ በቀዳዳዎቹ ፈንታ በጎን ሾልኮ ያልፋል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማይደርስበት ቦታ አለ። ከእሳቱ ጀርባና በላዩ የሚነቀሉ የብረት ወይም የሸክላ ገጾች ይኖራሉ። ማንዋሉ እንደሚለው አውጥተው ከኋላቸው ያለውን አመድ ይጥረጉ። ጭሱ ከእሳቱ ወደ ፋኑ የሚሄደው በዚያ በኩል ነውና፣ ፊት ለፊት ያለው እያብረቀረቀ ከኋላ መንገዱ ሊደፈን ይችላል። በጎንና በታች ትንንሽ የአመድ መሰብሰቢያ ጉድጓዶች ካሉ ክዳናቸው በብሎን ተይዟል፤ ይክፈቷቸው። የሙቀት መለዋወጫ ቱቦዎቹን ለማራገፍ የሚጎተት ዘንግ ካለው ምድጃው ቀዝቃዛ ሳለ ደጋግመው ይሳቡት።

ከዚያ የጭስ ማውጫው ፋን። ሽፋኑ በጥቂት ብሎኖች የተያዘ ነው፤ ሲከፈት በመካከሉ ያለው ጋስኬት እንዳይቀደድ ይጠንቀቁ፤ ከተቀደደ አዲስ ያስፈልገዋል። በፋኑ ክንፎች ላይ የተጋገረውን አመድ በብሩሽ ያራግፉ። በእጅ ሲያዞሩት ያለ እንቅፋትና ያለ ጩኸት መዞር አለበት፤ የሚያንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታው እየሄደ ነው።

በመጨረሻ የጭስ ቱቦው። ከምድጃው ጀርባ በቲ ቅርጽ በታጠፈው ክፍል ሥር ያለውን ክዳን ይክፈቱ፤ አመድ መጀመሪያ የሚከማቸው እዚያ ነው። ቱቦውን በልኩ በሆነ ብሩሽ፣ ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ኢንች ነው፣ እስከ ውጭ ይጥረጉ። ውጭ ያለው ጫፍ ወንፊት ካለው ጥላሸት ሊደፍነው ይችላል፤ በበጋ ደግሞ ወፍ ጎጆ ትሠራበታለች። ከአንድ ቶን ፔሌት በኋላ ቱቦውን መጥረግ ደህና ልማድ ነው።

አየር የሚያመልጥባቸው ቦታዎች

ከጽዳቱ በኋላ ነበልባሉ አሁንም ሰነፍ ከሆነ በሩን ይፈትሹ። ምድጃው ቀዝቃዛ ሳለ የአንድ ዶላር ኖት በበሩና በምድጃው መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። ሲሳብ ከያዘ ጥሩ ነው፤ እየተንሸራተተ ከወጣ የበሩ ጋስኬት በዚያ ቦታ ሞቷል። በአራቱም ጎን ይድገሙት፤ በማጠፊያው በኩል ደህና ሆኖ በመያዣው በኩል የላላ ብዙ ነው። ጋስኬቱ ገመድ የመሰለ የፋይበርግላስ ጥልፍ ነው፤ ውፍረቱን ከማንዋሉ አይተው፣ አሮጌውን ልጠው፣ ሙቀት በሚችል ማጣበቂያ አዲስ መግጠም ከባድ ሥራ አይደለም። የአመድ መሳቢያውም ጋስኬት አለው፤ አይርሱት።

ከቫኪዩም ስዊቹ የሚነሣው ቀጭን የጎማ ቱቦ ሌላው ነው። ሲሰነጠቅ ወይም ሲቀልጥ ስዊቹ የሌለ ችግር ያያል። ቱቦውን ከስዊቹ ላይ ያውጡና ስንጥቅ ይፈልጉ። ሌላው ጫፉ የሚገባባት ትንሽ የብረት አፍ በአመድ ትደፈናለች፤ በቀጭን ሽቦ ቀስ ብለው ይክፈቷት። ቱቦው ከስዊቹ ሳይወጣ በጭራሽ አይንፉ፤ በስዊቹ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ትበጠሳለች።

ማገዶው ሲቋረጥ

ሆፐሩ ግማሽ ሆኖ እሳቱ ካለቀ፣ ከላይ ያለው ፔሌት ተያይዞ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ረዣዥም ፔሌት ሲበዛ እንዲህ ይሆናል። በእጅ ሲነኩት ይወርዳል፤ ደጋግሞ ከመጣ የፔሌቱን ዓይነት ይቀይሩ። በከረጢቱ ታች የሚቀረው ብናኝ ደግሞ ኦገሩ ሥር እየተጠራቀመ ፔሌቱን ይከለክላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ሆፐሩ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ይተዉትና ታቹን በአመድ ቫኪዩም ይሳቡት።

እርጥበት የነካው ፔሌት ያብጣል፤ ወደ ሰጋቱራነት ይመለሳል፤ ኦገር ውስጥ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ከረጢቶቹ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ ይደርደሩ። ሲገዙ የአመድ መጠኑን ያንብቡ፤ በአውሮፓ ኤ1 የሚባለው የኢኤን ፕላስ ደረጃ አመዱ ከ0.7 በመቶ አይበልጥም፤ በአሜሪካ ፕሪሚየም የሚባለው ከ1 በመቶ አይበልጥም። ርካሽ ፔሌት ዋጋው በክሊንከር ይመለሳል የሚል እምነት አለኝ።

ኦገሩ መዞሩን ለማየት ምድጃውን ያስነሡና ያዳምጡ። ለጥቂት ሰከንድ ይዞራል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይዞራል። በመቆጣጠሪያው ላይ ያለው የኦገሩ መብራት እየበራ ካልዞረ ወይ ታንቋል ወይ ሞተሩ ደክሟል። መብራቱ ጨርሶ ካልበራ ግን ከኦገሩ ሳይሆን ከስዊቾቹ ወይም ከመቆጣጠሪያ ቦርዱ ነው፤ ሞተር አይግዙ።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ሳይቀጣጠል የቀረ ፔሌት በርን ፖቱ ላይ ተከምሮ ሳለ ምድጃውን መልሶ ማስነሣት አይገባም። ክምሩ ያለ ነበልባል እየጨሰ ጋዝ ይሞላና ድንገት ሲቀጣጠል ይፈነዳል፤ መስተዋትም ይሰብራል። እያንዳንዱ ሙከራ ከመደረጉ በፊት በርን ፖቱ ባዶ ይሁን፤ የወጣውን ፔሌትም ወደ ሆፐሩ አይመልሱት፤ ፍም ሊኖርበት ይችላል።

ሙቀት የሚለኩት ስዊቾች

እሳት እያለ የሚጠፋውን ምድጃ በተመለከተ አንድ ቀላል ፈተና አለ። በዝቅተኛው ደረጃ ሲነድ ጠፍቶ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳይጠፋ ከቆየ፣ የጭሱ ሙቀት ስናፕ ዲስኳን ለመያዝ አልበቃም ማለት ነው። ዲስኳ የተለጠፈችበትን ቦታ ከአመድ አጽድተው በደንብ መንካቷን ይዩ። ካልተስተካከለ ተመሳሳይ ዲግሪ ያላትን አዲስ ይግጠሙ፤ ቁጥሩ ዲስኳ ላይ ተጽፏል።

ከመጠን በላይ ሙቀትን የምታቆመዋ በአንዳንድ ምድጃዎች ላይ ቀይ ቁልፍ አላት፤ ከዘለለች በእጅ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ መመለስ ይቻላል፤ በድጋሚ ከዘለለች ግን ምክንያቱን ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ የክፍሉ ፋን በአቧራና በድመት ወይም በውሻ ፀጉር ተሸፍኖ ነው። ሶኬቱን ነቅለው በብሩሽና በቫኪዩም ያጽዱት።

እነዚህን ስዊቾች በሽቦ አያይዞ "እንዲሠራ ማድረግ" የሚባል ነገር አለ። ቴክኒሻን በቴስተር ለደቂቃ የሚያደርገው ምርመራ ነው፤ እንደዚያው ትቶ ማሞቅ ግን ቤቱን ማቃጠል ነው። ማንም ቢመክርዎ እምቢ ይበሉ።

ከምድጃው ውጭ ያለው ምክንያት

ቴርሞስታት ካለው ክፍሉ ሲሞቅ መጥፋቱ ሥራው ነው። ክፍሉ ሳይሞቅ ከጠፋ ግን የቴርሞስታቱን ባትሪ ይቀይሩ፤ ምድጃው አጠገብ ከተሰቀለም ያርቁት። ምድጃው ከሌላ ማሞቂያ ጋር በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ካለ መብራቱ ሊዋዥቅበት ይችላልና በሌላ መስመር ላይ ባለ ሶኬት ይሰኩት።

የቤቱ አየርም ያስቆመዋል። ቁሌት ሲያቁላሉ ወይም ቡና ሲቆሉ የኩሽናው ጭስ ማውጫ በሙሉ ኃይሉ ሲነሣ የቤቱን አየር ይስባል። ምድጃው ከውጭ አየር የሚያመጣ የራሱ ቱቦ ከሌለውና ቤቱ በደንብ የታሸገ ከሆነ፣ እሳቱ በዚያው ሰዓት ይሰንፋል። ሁልጊዜ ምግብ ሲሠራ የሚጠፋ ከሆነ መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርገው ይሞክሩ። ከተስተካከለ መፍትሔው የውጭ አየር ቱቦ ማስገጠም ነው። በብዙ በረዶ ጊዜ ደግሞ በግድግዳ የወጣው የጭስ ጫፍና የአየር መግቢያው በበረዶ ይቀበራሉ፤ ወጥተው አካፋ ይዘው ዙሪያቸውን ይክፈቱ። ነፋስ ባለበት ቀን ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የጫፉ ክዳን ወይም አቀማመጡ መቀየር አለበት።

ቴክኒሻን ሲጠሩ

ጭስ ወደ ክፍል ከገባ፣ ፋኑ ከጸዳ በኋላም ከጮኸ፣ ሽቦ የተቃጠለ ሽታ ካለ ወይም ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎ ካልተስተካከለ ባለሙያ ይጥሩ። በአሜሪካ በናሽናል ፋየርፕሌስ ኢንስቲትዩት የተመሰከረለት ይፈልጉ። ከመደወልዎ በፊት በሆፐሩ ክዳን ውስጥ ወይም ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ የሞዴሉን ስምና ተከታታይ ቁጥሩን በስልክዎ ያንሡ። ስንት ደቂቃ ላይ እንደሚጠፋ፣ በየትኛው ደረጃ፣ ነበልባሉ ምን እንደሚመስል፣ የትኛው መብራት ወይም ኮድ እንደሚታይ፣ የጭስ ቱቦው መቼ እንደተጠረገ በወረቀት ይጻፉለት። ሲጠፋ በቪዲዮ ከቀረጹት ደግሞ ባለሙያው የሚያስፈልገውን ዕቃ ከመኪናው ጋር ይዞ ሊመጣ ይችላል።